ለምን ይሞታል? የአንድ ፓምፕ ጥገና ማስታወሻ

ሥልጠናዬ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የኢንዱስትሪ ሜካኒክ ለመሆን የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ማሽን ሳይሆን ሞርሳ፣ ማለትም ብረት ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ከሞርሳው ጋር አንድ ሞረድና አንድ ቁራጭ ብረት ይሰጠዋል፤ ስድስቱም ገጽ እኩል፣ ማዕዘኑም ቀጥ እስኪል ይሞርዳል። ማዕዘን መለኪያውን ብረቱ ላይ አሳርፎ ወደ መስኮት ሲያነሣው በመካከሉ ብርሃን ከሾለከ እንደገና ይጀምራል። እኔን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ሳላጉረመርም የዋልኩበት ቀን አልነበረም። ከዚያ ቶርኖ፣ ብየዳ፣ ሃይድሮሊክ፣ የአየር ግፊት መስመርና ጥቂት ኤሌክትሪክ ተከታተሉ። አሁን ግን የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጠይቅ ሥራ ተሰጥቶኛል። ይህን ማስታወሻ የምይዘውም ለዚያ ነው፤ ያበላሸሁትንም እጽፋለሁ።

1ኛ ቀን

ሥራው የአንድ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። ፓምፑና ሞተሩ በአንድ የብረት መቀመጫ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሁለቱን ሻፍቶች (የሚዞሩ ዘንጎቻቸውን) መካከሉ ጎማ ያለው ኮፕሊንግ የሚባል ማያያዣ ያገናኛቸዋል። ሞተሩ በደቂቃ 1450 ጊዜ ያህል ይዞራል። በጥገና ካርዱ ላይ ያነበብኩት ታሪክ አጭር ነው። በኮፕሊንጉ በኩል ያለው የፓምፑ ኩሽኔታ (ሻፍቱ በውስጡ የሚዞርበት፣ በሁለት ቀለበቶች መካከል ኳሶች ያሉት ደጋፊ) አራት ጊዜ ተቀይሯል። የመጀመሪያው 14 ወር ቆየ፣ ሁለተኛው 9፣ ሦስተኛው 6፣ አራተኛው 5። "ምክንያት" በሚለው ዓምድ ሥር በአራቱም መስመር ያው ነገር ተጽፏል፦ ኩሽኔታ ተበላሸ።

አሠልጣኜ ካርዱን ሲሰጡኝ፣ "ቀይርልኝ አላልኩህም" አሉ። "ለምን እንደሚሞት ንገረኝ። መቀየሩ ከዚያ በኋላ የአንድ ቀን ሥራ ነው።"

ፓምፑ ከመቆሙ በፊት በኩሽኔታው ቤት (ኩሽኔታው በተቀመጠበት የፓምፑ ብረት) ላይ የንዝረት መለኪያ አሳርፌ 6.4 ሚሊሜትር በሰከንድ መዘገብኩ። ከዚያ ኃይሉን ቆርጬ የራሴን ቁልፍ ቆለፍኩበት፤ ስሜን የጻፍኩበትን ካርድ አንጠለጠልኩ፤ መክፈቻውን ኪሴ ከተትኩ። ቆልፎ መሄድ ግን አይበቃም። የማስነሻ ቁልፉን ተጭኖ አለመነሣቱን ማየት ግድ ነው፤ አንድ ጊዜ የሌላ ማሽን ኃይል ቆልፎ የተመለሰ ሠልጣኝ ነበረና። የውሃ መስመሩንም በሁለቱም በኩል ዘጋሁ። የግፊት መለኪያው ዜሮ ያሳያል፤ የተበላሸ መለኪያም ዜሮ ያሳያል፤ ስለዚህ የማፍሰሻውን ቡሎን በቀስታ አላልቼ ውሃው እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

እዚህ ድረስ መልካም ነበር። ቀጥዬ የሞተሩን አራት ቡሎኖች ፈታሁና ሞተሩን ወደ ኋላ ገፋሁት። ኮፕሊንጉ ሲለያይ ከመከለያው ሥር ጥቁር ዱቄት አየሁ፤ የጎማው ብናኝ ነው። ደስ ብሎኝ አሠልጣኜን ጠራኋቸው።

ዱቄቱን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። "ከመፍታትህ በፊት ለካህ?"

አልለካሁም። ሞተሩ ከፓምፑ ጋር በምን ያህል ተዛንፎ ይሠራ እንደነበር የሚናገረው ብቸኛ ማስረጃ በእጄ ተገፍቶ ሄዷል። አልተቆጡም፤ መቆጣታቸውን እመርጥ ነበር።

2ኛ ቀን

ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ባትሪ ይዤ በሞተሩ እግሮች ላይ ጎንበስ አልኩ። እንዳሰብኩት፣ ሮንዴላዎቹ ቀለሙ ላይ ክብ ጠባሳ ትተዋል፤ እግሮቹም በመቀመጫው ላይ ዝገቱ ያልደረሰበት ንጹሕ አሻራ አላቸው። ሞተሩን መልሼ በአሻራው ላይ አስቀመጥኩት፣ ሮንዴላዎቹን በየጠባሳቸው አሳረፍኩ፣ ቡሎኖቹንም አጠበቅኩ። አሠልጣኜ መጥተው ሲያዩ፣ "ጠባሳ ለመቶኛ ሚሊሜትር አይመሰክርም" አሉ፤ "ወደየት እንዳዘነበለ ግን ሊናገር ይችላል። ለካው።"

ዳያል ጌጁን፣ ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ በፓምፑ ኮፕሊንግ ላይ አስሬ ጫፉን በሞተሩ ኮፕሊንግ ዙሪያ ላይ አሳረፍኩ። መርፌዋ አንድ ጭረት ስትሄድ 0.01 ሚሊሜትር ነው። ከላይ ዜሮ አድርጌ ሁለቱንም ሻፍቶች አብሬ እያዞርኩ አነበብኩ፦ ግራ +0.55፣ ታች +0.10፣ ቀኝ −0.33። ቁጥሮቹን ይዤ ስሮጥ አሠልጣኜ ወረቀቱን እንኳ ሳይቀበሉኝ፣ "ግራና ቀኙን ደምር" አሉኝ። +0.22 ሆነ። "ከላይ ዜሮ ከሆነ የግራና የቀኝ ድምር ከታችኛው ጋር እኩል መሆን አለበት። አንተ ጋ 0.10 ነው። ስለዚህ የለካኸው ሞተሩን አይደለም።"

ተመልሼ አንድ ሙሉ ዙር አዞርኩ፤ መርፌዋ ወደ ዜሮ ሳይሆን ወደ 0.07 ተመለሰች። የመያዣው ክንድ አንዷ ዳዶ አልጠበቀችም ነበር። አጥብቄ ደገምኩ፦ ግራ +0.52፣ ታች +0.12፣ ቀኝ −0.40። ድምሩ +0.12፤ ገጠመ። ክንዱ በራሱ ክብደት የሚረግብ መሆኑን ወፍራም ቧንቧ ላይ አስረን ስንፈትሽ ከ0.01 በታች ሆነ፤ ተውነው።

መርፌዋ የምታሳየው የመዛነፉን እጥፍ ነው፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ መካከል ያለው 0.92 ለሁለት ይካፈላል። ሞተሩ ወደ ግራ 0.46 ሚሊሜትር ያህል ወጥቶ፣ ወደ ታች ደግሞ 0.06 ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ፍጥነት ከ0.05 በላይ እንዳንተው ተነግሮናል። ሁለቱንም አስተካክላለሁ ስል፣ "የግራውን አስተካክል፤ የታችኛውን ግን እስክነግርህ አትንካው" አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።

4ኛ ቀን

ፓምፑን ፈታሁት። ከመክፈቴ በፊት በኩሽኔታው ውጫዊ ቀለበትና በቤቱ ላይ አንድ መስመር በፑንች (ብረት ላይ ነጥብ በሚመታ ሹል መሣሪያ) ምልክት አድርጌ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ስህተት የተማርኩት ይህንን ነው። ኩሽኔታው ላይ 6306 ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳው ስፋት ይወጣል፤ 30 ሚሊሜትር። አሮጌውን ለምርመራ ስለፈለግነው የውጩን ቀለበት በግራይንደር ቆርጠን ከፈትነው፤ መነጽርና የፊት መከላከያ ሳይኖር የሚነካ ሥራ አይደለም።

ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ መስታወት መምሰል ነበረበት። በአንድ በኩል እንደዚያው ነው። በሌላው በኩል የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ብረቱ ተልጧል፤ በብዕር ጫፍ ስሄድበት እንደ ኮረኮንች መንገድ ይነጥራል። ምልክቴን ከቤቱ ጋር ሳገጣጥም የተላጠው ቦታ ከታች አይደለም፤ ወደ ግራ ነው። የሻፍት ክብደት ወደ ጎን አይገፋም። ሞተሩም ወደ ግራ ወጥቶ ነበር።

"አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ ማለት ይቻላል። አሠልጣኜ ግን በፓምፑ ሆድ ውስጥ የሚዞረው ውሃ ራሱ ሻፍቱን ወደ ጎን ሊገፋ እንደሚችል አስታወሱኝና፣ "አንድ ምስክር ይዘሃል። ሌላ ፈልግ" አሉ።

ሌላውን ያገኘሁት ሻፍቱን ስለካ ነው። ለኩሽኔታው መቀመጫ የተፈቀደው ከ30.002 እስከ 30.015 ሚሊሜትር ነው፤ ቀለበቱ ተጨናንቆ እንዲይዝ ሻፍቱ በጥቂቱ መወፈር አለበት። በኢምፔለሩ (ውሃውን በሚገፋው ተሽከርካሪ) በኩል ማይክሮሜትሩ 30.01 አሳየኝ። በኮፕሊንጉ በኩል 29.98። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ያው ነው። መቀመጫው ያብረቀርቃል፤ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ እየተንሸራተተ ሲዞር ኖሯል። ከማብረቅረቁ ሥር ደግሞ ሻፍቱን የሚዞሩ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ይህ የብርጭቆ ወረቀት ነው። አንድ ሰው አዲሱ ኩሽኔታ አልገባለት ሲል ሻፍቱን ፈግፍጎ አሳንሶታል።

ካርዱን እንደገና አወጣሁ። 14፣ 9፣ 6፣ 5። አሁን ቁጥሮቹ ሌላ ነገር ይነግሩኛል። የመጀመሪያውን ኩሽኔታ የገደለው የሞተሩ መዛነፍ ሊሆን ይችላል። ተከታዮቹን ግን የገደለው መዛነፉ ብቻ አይደለም፤ የጠጋኙም እጅ አለበት። በቸኮለ ቁጥር ሻፍቱ እየሳሳ፣ ሻፍቱ በሳሳ ቁጥር ኩሽኔታው ቶሎ እየሞተ፣ ቶሎ በሞተ ቁጥር ጠጋኙ ይበልጥ እየቸኮለ። ያን ሰው ልወቅሰው አልቻልኩም። ምርት ቆሞ አለቃ ጀርባው ላይ ቆሞበት ይሆናል። የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ በየመሣሪያ ሣጥኑ አለ።

5ኛ ቀን

ሻፍቱ በአዲስ ይተካል። በቶርኖ ክፍል ያለ አንድ የሦስተኛ ዓመት ሠልጣኝ ሊያወጣልኝ ተስማማ፤ ለመፍጫው ማሽን 0.3 ሚሊሜትር ትርፍ ትቶ ይቆርጠዋል፣ የመጨረሻው ልክ በመፍጫው ይወጣል።

እስከዚያው አሠልጣኜ አንድ ያገለገለ ኩሽኔታ፣ አንድ ቁራጭ ሻፍትና መዶሻ ሰጡኝ። "ምታው፤ ግን የውጩን ቀለበት ምታ።" እንዳልተሳሳቱ ለማረጋገጥ ፊታቸውን አየሁ። መታሁት፤ ገባ። በእጄ ሳዞረው ጉዳት ያለው አይመስልም። ከዚያ ቆርጠን ከፈትነው። በውስጠኛው ቀለበት መንገድ ላይ፣ ኳሶቹ በተራራቁበት ልክ፣ ትንንሽ ጉድጓዶች ተሰድረዋል። በዓይን ለማየት ብርሃኑን ማዘንበል ያስፈልጋል፤ በጥፍር ግን ወዲያው ይታወቃሉ። ምቱ ከውጩ ቀለበት ወደ ውስጡ የተሻገረው በኳሶቹ በኩል ነው። ሻፍት ላይ የሚጠብቅ ኩሽኔታ በውስጠኛው ቀለበት ብቻ ነው የሚገፋው፣ የሚጎተተውም። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በፈተናም መልሼዋለሁ። ጉድጓዶቹን በጥፍሬ ሳልነካ ግን ያወቅሁት አይመስለኝም።

11ኛ ቀን

ሻፍቱ ደረሰ። ሁለቱም መቀመጫ 30.010። ልጁ እጁ ይባረክ።

ዛሬ ኩሽኔታዎቹን በሙቀት ገጠምን። ሒሳቡን አስቀድመው አሠሩኝ። ብረት በአንድ ሜትር ርዝመት ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.012 ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል። የ30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ከ25 ወደ 110 ዲግሪ ሲሞቅ በ0.03 ይሰፋል። የኩሽኔታው ቀዳዳ ከ30 በ0.010 ሊያንስ ይችላል፣ ሻፍቱ በ0.010 በልጧል፤ ቢበዛ 0.020 መጨናነቅ ነው። የሚተርፈው ክፍተት 0.01 ብቻ ነው ማለት ነው። ሙቀቱን ከ120 በላይ ማድረስ ደግሞ ብረቱን ማበላሸት ስለሆነ አይፈቀድም።

በመጀመሪያው ኩሽኔታ አመነታሁ። ከማሞቂያው አንሥቼ ወደ ሻፍቱ ሳቀርበው በጥቂቱ አዘመመና ግማሽ መንገድ ላይ ያዘ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በማውጫ ጎትተን አወጣነው፤ ውስጠኛውን ቀለበት ይዘን ስለጎተትን አልተጎዳም። ቀዝቅዞ፣ ተፈትሾ፣ እንደገና ሞቀ። ሁለተኛ ጊዜ በአንድ እንቅስቃሴ እስከ ሻፍቱ ትከሻ (ሻፍቱ ወፈር እስከሚልበት) ድረስ ገፋሁትና እስኪቀዘቅዝ አልለቀቅሁትም። ቀለበቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ጎንም ስለሚጠብብ ከትከሻው ሊሸሽ ይችላል። በኋላ ክፍተት የሚለካበትን የፊለር ጌጅ፣ የ0.05 ስስ ምላሱን፣ በመካከል ለማስገባት ሞከርኩ፤ አልገባም። ግሪሱን በኩሽኔታው ውስጥ ሞላሁ፤ በቤቱ ባዶ ቦታ ግን ከሲሶው አላለፍኩም። ሲበዛ የሚጠቅም ይመስላል፤ ትርፉ ግን ሙቀት ነው።

12ኛ ቀን

ውሃ የሚያግደው ሜካኒካል ሲል፣ ጓርኒሲዮኖቹ (የመጋጠሚያ ማሸጊያዎቹ)፣ ኢምፔለሩ፣ መዝጊያው። የሲሉን የተወለወለ ገጽ በጣቴ ነክቼ በአልኮል ጠራረግሁ፤ ሌላ የሚጻፍ የለም።

14ኛ ቀን

የሞተሩ መቀመጫ። አራቱንም ቡሎኖች አጥብቄ አንድ በአንድ እያላላሁ በዳያል ጌጅ ተከታተልኩ። ሦስቱ እግሮች ዝም አሉ። አራተኛው፣ በስተግራ ከኋላ ያለው፣ ቡሎኑ ሲላላ በ0.28 ሚሊሜትር ተነሣ። እንደ ሰንካላ ጠረጴዛ ማለት ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ እግሩ አይረዝምም፣ ሞተሩ ነው የሚጠመዘዘው።

ከየእግሮቹ ሥር ያለውን አወጣሁ። ከአንዱ ሥር ከፍታ ለማስተካከል የገቡ ሰባት ስስ ንጣፎች ወጡ፤ ሁለቱ ከጣሳ የተቆረጡ ናቸው፣ ጠርዛቸው በመቀስ ተጨማዷል። ከሰንካላው እግር ሥር ደግሞ ወፍራም ቀለምና የብየዳ ጠብታ። ጠብታዋ የምስር ፍሬ አታህልም። ቀለሙን ፋቅሁ፣ ጠብታዋን በሞረድ አነሣሁ። ሞረዱን ስይዝ እጄ ሳላዘው የሦስቱን ሳምንት አያያዝ ያዘ። በሰባቱ ንጣፎች ምትክ ሁለት ወፍራምና አንድ ስስ አስገባሁ፤ ሲደራረቡ እንደ ምንጣፍ ይለምጣሉና ቁጥራቸው ማነስ አለበት። በመጨረሻ ሲላላ የሚነሣው 0.02 ብቻ ሆነ።

15ኛ ቀን

ሙሉ ቀን በማስተካከል አለፈ። ከሥር ያለውን ስላጸዳሁ ሞተሩ አሁን በ0.31 ዝቅ ብሏል። በእያንዳንዱ እግር ሥር 0.25 ጨመርኩና 0.06 ቀረ። ያን ጊዜ ነው የሁለተኛው ቀን ምሥጢር የተፈታው። "ከእግሩ እስከ ሻፍቱ መሃል ለካ" አሉኝ፤ 160 ሚሊሜትር። "ሲሠራ 30 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አባዛ።" ወደ 0.058 መጣ። ፓምፑ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያስተላልፍ ከፍታው አይለወጥም፤ ሞተሩ ግን ሞቆ በራሱ ወደ ልኩ ይነሣል። ሲቀዘቅዝ ዜሮ ብናደርገው ኖሮ ሲሠራ ይዛነፍ ነበር። መጀመሪያ የተከለው ሰው ይህን አውቆ አድርጎት ከሆነ ባርኔጣዬን አነሣለሁ፤ በአጋጣሚም ከሆነ ዕድለኛ ነው።

የጎኑ ሥራ ከባድ ሆነብኝ። ሞተሩን በፕላስቲክ መዶሻ መታ ሳደርግ መርፌዋ 0.20 ትዘላለች፤ መልሼ ስመታ 0.25 ትመለሳለች። ቡሎኖቹን ሳጠብቅ ደግሞ ያስተካከልኩት ይንሸራተታል። ከምሳ በኋላ አንድ አዛውንት ጥገና ሠራተኛ ቆም ብለው አዩኝና፣ "ልጄ፣ አትምታው፤ ግፋው" አሉ። በመቀመጫው ጎን ላይ ማዕዘን ብረት በማያዣ አስረን በቡሎን እየገፋን ሄድን። ዳዶው ሩብ ዙር ሲዞር መርፌዋ ጭረት በጭረት ትሄዳለች። ወደ ማታ ግራ +0.08፣ ቀኝ +0.04፣ ታች +0.12። የጎኑ መዛነፍ 0.02። የኮፕሊንጉን ፊት ለፊት ክፍተትም በአራቱም አቅጣጫ ለካሁ፤ ልዩነቱ ከ0.03 አላለፈም። የቧንቧውን ቡሎኖች ሳጠብቅ ዳያል ጌጁን እንደታሰረ ተውኩት፤ ቧንቧው ፓምፑን ቢጎትት መርፌዋ ታጋልጠው ነበር። 0.01 ተንቀሳቅሳ ቆመች።

16ኛ ቀን

የኮፕሊንጉን ጎማ ከማስገባቴ በፊት ሞተሩን ብቻውን ለአፍታ አስነሥተን የሚዞርበትን አቅጣጫ አየን። ከዚያ እንደገና ቆለፍኩ፣ አዲስ ጎማ፣ መከለያ፣ ውሃ፣ አየሩን ማስወጣት። ቁልፌን ፈትቼ አስነሣሁ።

ንዝረቱ 1.8። ሜካኒካል ሲሉ ጥቂት ጠብታ አንጠባጥቦ ደረቀ።

የኩሽኔታው ሙቀት ግን ሰላም ነሣኝ። በሃያ ደቂቃ 44፣ በአርባ ደቂቃ 55፣ በአንድ ሰዓት 61 ዲግሪ። ልቤ በቁጥሩ ልክ ይወጣ ጀመር። "ላቁመው?" ስል አሠልጣኜ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አዲስ ግሪስ መጀመሪያ ቦታውን እስኪይዝ ይታመሳል፤ ትርፉ በኳሶቹ እየተገፋ ወደ ጎን ይወጣል። በሁለተኛው ሰዓት 57፣ በአራተኛው 48። እዚያ ቆመ።

ካርዱን ሞላሁ። "ምክንያት" በሚለው ዓምድ የሚፈቀደው ቦታ ሁለት ጣት ስፋት ነው፤ ከአራቱ መስመሮች ሥር በጠባብ ጽሕፈት እንዲህ ጻፍኩ፦ ከሞተሩ ኋለኛ ግራ እግር ሥር ቀለምና የብየዳ ጠብታ፤ ሞተሩ ወደ ግራ 0.46 ተዛንፎ ነበር፤ ሻፍቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ 29.98 ሆኗል። አሠልጣኜ አነበቡትና ከሥሩ ፈረሙ። ከዚያ ካርዱን መለሱልኝ፤ "ሞተሩ ቀዝቅዞ በ0.06 ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሆን ተብሎ መሆኑንም ጨምር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ስህተት መስሎት እንዳያስተካክለው።" ቦታ ስላልነበረ በጀርባው ጻፍኩት።

37ኛ ቀን

በአስነሣንበት ቀን ከመከለያው ሥር፣ ልክ ከኮፕሊንጉ በታች፣ አንድ ነጭ ወረቀት በማጣበቂያ ለጥፌ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያየሁት ጥቁር ዱቄት ከተመለሰ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነው። ፓምፑን አቁሜ፣ ቆልፌ፣ መከለያውን አነሣሁ። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ በግሪስ የታተመ የራሴ አውራ ጣት አለበት። ሌላ ምንም የለበትም።

ንዝረት 1.7፣ ሙቀት 46። ወረቀቱን ቀይሬ ዘጋሁት። ከነገ ጀምሮ የማጓጓዣ ቀበቶው ማርሽ ሣጥን ነው፤ ድምፁን ቀርጸው ሰጥተውኛል፣ ከመፍታቴ በፊት እንድለካም አልነገሩኝም።